ሳይነካ ይነገር

ቀናው ሲሄድ ወደ መሬት ያያል። አቃቂ በሰቃ ውስጥ የሚያውቁት ሰዎች አንዳንዶቹ ኩራት ነው ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ትካዜ ነው ይላሉ። ሁለቱም አይደለም። ከባቡር ፊት ፊት በእግሩ እየሄደ ሐዲድ ሲያይ የኖረ ሰው፣ ጡረታ ወጣ ተብሎ አካሄዱ አይለወጥም። ሚስቱ አስቴር፣ «ስም ብቻ አወጡልህ እንጂ አንድ ቀን ቀና ስትል አላየሁህም» ትለዋለች።

የተወለደው ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው። አባቱ የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ልጃቸውን ግን ፋብሪካው አልወሰደውም፤ ጢሙ ሳይጠቁር ምድር ባቡር ገባ፣ የሐዲድ ጥገና ቡድን ውስጥ። ዶማና አካፋ ይዞ ከሐዲዱ ሥር ጠጠር ሲጠቀጥቅ ዓመታት አለፉ። በኋላ የቡድኑ አለቃ ሆነ። ከአቃቂ እስከ ዱከም ባለው መስመር ላይ የላላ ብሎን ካለ በጫማው ድምፅ ያውቃል ይሉት ነበር፤ ማጋነናቸው ነው፤ እሱ ግን አላስተባበለም።

በዚያ ሥራ ሁለት ሕጎች ነበሩ። አንደኛው ለአደጋ ነው፤ ሳይነካ ይነገር። ፉርጎ ከሐዲድ ሲወጣ ማንም አያነሳውም፣ ማንም አያስተካክልም። መጀመሪያ ሰው ሮጦ ይናገራል፤ ኃላፊው መጥቶ እስኪያይ ድረስ ሁሉም እንደወደቀ ይቆያል። ቀድሞ ያነሳ ከጣለው እኩል ይጠየቃል። ሁለተኛውን ሕግ የጻፈው የለም። የጥገና ሠራተኛ የሰመጠ ሐዲድ አይቶ አያልፍም። ቦታው ላይ ቆሞ ይሞላል፣ ይጠቀጥቃል፣ ከዚያ ይሄዳል። የመጀመሪያውን ሕግ ቀናው በጭንቅላቱ ያውቀዋል። ሁለተኛው እጁ ውስጥ ነው።

አሮጌው መስመር ሲቆም ብዙዎቹ ጓደኞቹ በየዘመዳቸው ተበተኑ። አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ በአጥር የታጠረ ሆኖ መጣ። ቀናው አንድ ቀን አጥሩ ድረስ ሄዶ አየውና ተመለሰ። ስለሱ አውርቶ አያውቅም።

ያን ጊዜ ነው ሀብተሚካኤል ትንሹን ባቡር ያመጣው።

ሀብተሚካኤል ነጂ ነበር። ረጅም፣ ድምፁ ወፍራም፣ ሰው ሲሰበሰብ ደስ የሚለው። ከቀናው ጋር በአንድ ዓመት ተቀጥረው በአንድ ዓመት ጡረታ ወጥተዋል። አንዱ ሐዲዱን አይቶ «ሂድ» ሲል ሌላው ይሄዳል፤ ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ነበሩ። አንድ ቀን ሀብተሚካኤል የተገለበጠ ባጃጅ ሞተር በጋሪ አስጭኖ የዕድሩ ግቢ ውስጥ አራገፈ።

«ይሄ ምንድነው?» አለው ቀናው።

«ባቡር ነው።»

«ይሄ?»

«ገና ጡት አልጣለም። እናሳድገዋለን።»

የዕድሩ አባላት አብዛኞቹ የድሮ ባቡር ሠራተኞች ስለነበሩ የሚስቅ እንጂ የሚከለክል አልተገኘም። አንዱ ብየዳ ያውቅ ነበር፣ ሌላው አናጢ ነበር። ሞተሩን በላሜራ ለበጡት፣ ጭስ ማውጫ ሠሩለት፣ ቀይ ቀለም ቀቡት። ከኋላው የሚጎተቱ አራት ፉርጎዎች ተሠሩ፤ ልጆች እንደ ፈረስ እግራቸውን ግራና ቀኝ አንፈራጥጠው የሚቀመጡባቸው። ሐዲዱን ቀናው ዘረጋ። ከአንግል ብረት ነው፣ ስፋቱ አንድ ክንድ፣ በባሕር ዛፍ ቁራጭ ላይ የተመታ። የዕድሩን አዳራሽ ዞሮ፣ በቦኖው አጠገብ ታጥፎ፣ ተመልሶ በሩ ላይ ይቆማል። ልጆቹ ቡቺ አሉት። ሰንበት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢው በልጅ ይሞላል። ሀብተሚካኤል የድሮ ቆቡን ደፍቶ ፊት ይቀመጣል፤ ጉልበቶቹ ጆሮው ድረስ ይመጣሉ። ሽማግሌዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ያያሉ። ደስ ይላቸው ነበር። ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቀናው ሐዲዱን በእግሩ ይዞራል። አንድ ዙር አንድ ጣሳ ጠላ የመጠጣት ያህል እንኳ አይፈጅም፤ እሱ ግን ጠዋቱን ሙሉ ይፈጅበታል። በተለይ ቦኖው አጠገብ ያለውን ኩርባ። እዚያ መሬቱ መረሬ ነው፤ ጥቁር አፈር። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ውሃ ሲያገኝ ያብጥና ይለሰልሳል፣ በላዩ ያለውን ነገር ይውጣል። ሴቶቹ ጀሪካን ሲሞሉ የሚፈሰው ውሃ ወደ ሐዲዱ እንዳይመጣ ቀናው ቦይ ቆፍሮለታል። ቦዩ በቅጠልና በፌስታል ይደፈናል። ቅዳሜ ይጠርገዋል።

ከዳግማዊ ትንሣኤ በፊት ባለው ቅዳሜ ግን የዕድሩ አባል የሆኑ አንዲት ሴት ዐርፈው ቀብራቸው ሳሪስ አቦ ነበር። ዕድርተኛ ሁሉ ሄደ። ቀናውም ሄደ። ሲመለስ መሽቶ ነበር።

በማግስቱ እሑድ ቡቺ ወጣ። ልጆቹ ብዙ ነበሩ። በመጨረሻው ፉርጎ ላይ፣ ከኋላ፣ ፌኔት ተቀምጣለች፤ የጋዲሴ ልጅ። ጋዲሴ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጠገብ ትንሽ ኪዮስክ አላት፤ እስረኛ ጠያቂዎች ሲገቡ ስልካቸውንና ቀበቷቸውን እሷ ጋ ያስቀምጣሉ። እሑድ የጠያቂ ቀን ስለሆነ ልጇን ከጎረቤት ልጆች ጋር ልካት ነበር።

«ፈጠን በል ጋሼ! ፈጠን በል!» ይላሉ ልጆቹ።

ሀብተሚካኤል ትንሽ ነዳጅ ሰጠው። ኩርባው ላይ የመጨረሻው ፉርጎ ወደ ቦኖው ዘመመ፤ የሚቆም መሰለና ተገለበጠ። ሌሎቹ ልጆች ተንከባለው ተነሱ። ፌኔት አልተነሳችም። ግራ እግሯ በፉርጎውና በሐዲዱ መካከል ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ደግ ሰዎች የሚያደርጉት ነው። አንዱ ልጅቷን አቅፎ ወደ መኪና ሮጠ። ሌሎቹ ፉርጎውን አነሱ። ሴቶቹ እናትየው መጥታ እንዳታይ ብለው ደሙን በባልዲ ውሃ አጠቡት። ሐዲዱ ላይ፣ ኩርባው ላይ፣ ባልዲ በባልዲ ላይ። ቡቺን ወደ መጋዘኑ ገፉት፣ በሩን ዘጉት። ጋዲሴ በስልክ ተነግሯት፣ የሰው ስልክና ቀበቶ እንደታቀፈች በባጃጅ ስትደርስ ግቢው ንጹሕ ነበር። ሐኪም ቤት የልጅቷን ሦስት የእግር ጣቶች ቆረጡ።

ሰኞ ጠዋት ቀናው ማንም ሳይመጣ ግቢው ገባ። ኩርባው ላይ የውጪው ሐዲድ ሰምጧል። ቦዩ በቅጠል ተደፍኖ ውሃው ወደ ሐዲዱ ዞሯል፤ መረሬው ሊጥ ሆኗል። አካፋውን አመጣ። ቦዩን ጠረገ። ሊጡን ዝቆ አወጣ፣ ጠጠር ሞላ፣ ጠቀጠቀ፣ በዓይኑ ለካ፣ እንደገና ጠቀጠቀ። ሐዲዱ ቀጥ አለ። አካፋውን ግድግዳ ላይ ሲያስደግፍ ነው ምን እንዳደረገ የገባው። እጁ ከጨረሰ በኋላ ነው ጭንቅላቱ የደረሰው።

በቀጥታ የዕድሩ ዳኛ ጋ ሄደ። አቶ አሻግሬ ድሮ የጣቢያ ኃላፊ ነበሩ፤ አሁንም ሰው ሲያናግራቸው ሰዓታቸውን ያያሉ።

«ጋሽ አሻግሬ፣ ሐዲዱ ነው። ሀብቴ አይደለም። የውጪው ሐዲድ ሰምጦ ነበር።»

«ና አሳየኝ» አሉና ተከተሉት። ኩርባው ላይ ጎንበስ ብለው አዩ። በዘንጋቸው ነካ ነካ አደረጉት። «ቀጥ ያለ ነው እኮ።»

«አሁን ሞልቼው ነው።»

«አሁን?»

«አዎ፣ ጠዋት።»

አቶ አሻግሬ ቀና አሉ። ከዚያ እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ። «ቀናው፣ ሀብቴን እንደ ወንድምህ እንደምትወደው የማያውቅ የለም። እሱ ራሱ አፍጥኜ ነበር ብሎ አምኗል። አንተ ደግሞ በዚህ ላይ ሌላ ነገር አትጨምር። ሰው ግራ ይጋባል።»

«እውነቴን ነው የምልዎት!»

«ይሁን፣ ይሁን። እግዜር ይይልህ።»

ሀብተሚካኤል ጋም ሄደ። ሀብተሚካኤል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ሸሚዙን አልለወጠም። ቀናው የነገረውን እስከ መጨረሻው ሰማው።

«በዚያ ፍጥነት ሺ ጊዜ ዞረሃል» አለው ቀናው። «ሐዲዱ ነው። ቅዳሜ አላየሁትም። ቀብር ነበርኩ።»

«አንተ ያልጠቀጠቅከው ሐዲድ ኖሮ ያውቃል?»

«ሀብቴ፣ ስማኝ—»

«ሰማሁህ። ወንድሜ ነህ። አንተ በእኔ ቦታ ብትሆን እኔም ለአንተ እንዲህ ነበር የምዋሽልህ።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ነዳጅ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ልጆቹ ፈጠን በል ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ሽማግሌ ሆኜ የልጅ ጭብጨባ ወደድኩ። በቃ።»

ቀናው ቤቱ ገብቶ ለአስቴር ነገራት። እሷ ብቻ አመነችው። እጁን ታውቀዋለች፤ የጎረቤት አጥር ጠምሞ ሲያይ እንኳ ሳያቀናው አያልፍም።

«ፖሊስ ጋ ልሂድ?» አላት።

«ሂድ። ከዚያስ? የሚይዙት ነጂውን ነው። የሞላኸውን ጉድጓድ አይደለም የሚይዙት።»

አብርሽ የሚባለው የሰፈሩ ባጃጅ ነጂም ሲሰማ ሳቀ። «ጋሼ፣ ለማን ነው የሚነገረው? ለትራፊክ? ሰሌዳ የለው፣ ቦሎ የለው። ‹አደጋ ያደረሰው ተሽከርካሪ ስም፦ ቡቺ› ሊሉ ነው?» ከዚያ የቀናውን ፊት አየና ሳቁን ዋጠ።

ልጅቷ ከሐኪም ቤት ስትወጣ ሽማግሌዎቹ ዕርቁን አዘጋጁ። ጋዲሴ የምትኖረው ከኪዮስኩ ጀርባ በተከራየችው አንድ ክፍል ነው። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ፊት ፊት ሄዱ። ከኋላቸው ሀብተሚካኤል ራሱን ገልጦ፣ ከወንዝ ዳር የመጣ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ። ያ ቁመት ሁለት ታጥፏል። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ከመንገዱ ማዶ ቆመው ያያሉ። ኪዮስኮቹ ጋ የተሰለፉ ጠያቂዎችም ስንቃቸውን እንደያዙ ዞረው ያያሉ። ቀናው ከሽማግሌዎቹ መጨረሻ ነበር።

ጋዲሴ በሩ ላይ ወጣች። ድንጋዩን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች።

«ያ ዋቃ! አውርዱላቸው! የአባቴ እኩያ አይደሉም እንዴ! እኔ ማንን ከሰስኩ?»

«ይቅር በይና ይወርዳል» አሉ አቶ አሻግሬ። ሥርዓቱ ነው።

ቀናው አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣ። «አንድ ነገር ልናገር—»

አቶ አሻግሬ ሳይዞሩ እጃቸውን አነሱ። «ዛሬ የዕርቅ ቀን ነው። ነገር የምናወጣበት አይደለም።»

ሀብተሚካኤል ከድንጋዩ ሥር ቀና ብሎ አየው። የሚለምን ዓይን ነበር፤ ተወው፣ ቶሎ ይለቅ የሚል። ቀናው እርምጃውን መለሰ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች ጋዲሴ። ድንጋዩ ወረደ። ሀብተሚካኤል ጉልበቷ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዘችው፤ ሁለቱም አለቀሱ። ፌኔት ከውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ እግሯ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ፣ «ጋሼ፣ ቡቺስ?» አለች።

ሽማግሌዎቹ መረቁ። ከዚያ አቶ አሻግሬ ዘጉት። «ከዛሬ ጀምሮ ይህ ነገር አልቋል። ያነሳው ይነሳበት።»

«አሜን» አለ ሁሉም። የቀናው ከንፈርም ተንቀሳቅሷል።

ዕርቁ የጋዲሴን ልብ አሳረፈ፤ ጎረቤቶቿ እንቅልፍ ያዛት አሉ። ሀብተሚካኤልን ግን አላሳረፈውም። ቆቡን ለአብርሽ ሰጠው። አብርሽ የቡቺ ነጂ ሆነ፤ ዕድሩም አንድ ሕግ አወጣ፤ ቀስ ይባል። ነጂው አፍጥኖ ስለጣለው ከእንግዲህ በእርምጃ ይሄዳል። አብርሽ፣ «በዚህ ፍጥነትማ ዔሊ ጡሩምባ ነፍታ ትቀድመናለች» ይላል። ልጆቹ መምጣት ቀነሱ። ቀናው ቅዳሜ ብቻ ሳይሆን እሑድም ጠዋት ሐዲዱን ያይ ጀመር፤ ቡቺ ኩርባው ላይ በደረሰ ቁጥር ትንፋሹን ይይዛል። ሀብተሚካኤል ግቢው አይመጣም። ቀናው ሊጠይቀው ሲሄድ ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ፤ ስለ ስኳር በሽታው፣ ስለ ዝናብ። አንድ ቀን ግን ሳይጠየቅ እንዲህ አለ፤ «ይህን ሁሉ ዓመት ያን ሁሉ ሰው ጭኜ አንድ ሰው አልጎዳሁም። በመጨረሻ በመጫወቻ።»

የልጅ ልጁን ትምህርት ቤት ውስጥ ‹የድንጋዩ ልጅ› እያሉ እንደሚጠሩት የሀብተሚካኤል ሚስት ለአስቴር ነግራታለች።

ክረምት ገባ። በክረምት ግቢው ስለሚጨቀይ ቡቺ አይወጣም፤ መጋዘኑ ይቆለፋል። ቀናው በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን ነገር ለማድረግ ወሰነ። ምንም ላለማድረግ። ቦዩን አልጠረገም። ኩርባውን አልረገጠም። ሴቶቹ ውሃ ይቀዳሉ፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ቅጠሉ ይከመራል። እሱ አጥሩ ጋ ደርሶ ይመለሳል። አስቴር አንድ ጠዋት አካፋውን አልጋ ሥር አየችውና፣ «ምን አድርጎህ ነው ያሰርከው?» አለችው።

«እጄን ስለማላምነው ነው።»

ጳጉሜ ላይ ሄዶ አየ። የውጪው ሐዲድ ሰምጧል። ልክ እንደዚያ ሰኞ፤ ምናልባትም ትንሽ ባሰ። ሰንበት ከመድረሱና አብርሽ የመጋዘኑን ቁልፍ ከመያዙ በፊት ኩርባውን በገመድ አጠረ። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና የሚያልፍ ልጅ ልኮ ሁሉንም አስጠራ።

አቶ አሻግሬ መጡ። ዘንጋቸውን ሐዲዱ ሥር ሰደዱት፤ ዘንጉ እስከ መያዣው ገባ። ከዚያ የመጨረሻውን ፉርጎ ባዶውን በእጅ ገፍተው እንዲያመጡ ቀናው ለመናቸው። ፉርጎው በእርምጃ፣ ከእርምጃም ባነሰ፣ ኩርባው ላይ ደረሰ። ዘመመ። ወደ ቦኖው ተገለበጠ። አብርሽ ቆቡን አወለቀ።

ጋዲሴ አጥሩ ጋ ቆማ አይታለች። ፌኔት በተረከዟ እየረገጠች አጠገቧ ነበረች።

«ጋሼ ቀናው» አለች ጋዲሴ። «ምን አደረግኩዎት?»

«እውነቱን እንድታውቂው ነው፣ ልጄ። የሰመጠው በኔ ነው። ቅዳሜ ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም።»

«ያን ቀን ጋሽ ሀብቴን ድንጋይ ተሸክመው አየኋቸው። አዘንኩላቸው። ካዘንኩላቸው በኋላ ይቅር ማለት አልከበደኝም። የነበረኝን ሁሉ ለሳቸው ሰጠሁ።» ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። «አሁን ለእርስዎ ከየት ላምጣ?»

የልጇን እጅ ይዛ ሄደች፤ በልጅቷ እርምጃ ልክ፣ ቀስ ብላ።

ሀብተሚካኤልን አብርሽ በባጃጁ አመጣው። ደግፈው አወረዱት። የተገለበጠውን ፉርጎ አየ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጁን ከሐዲዱ ሥር አስገባ። ሲያወጣው እስከ አንጓው ጥቁር ነበር።

«መቼ አየኸው?»

«ሰኞ ጠዋት። በማግስቱ።»

«ለምን ሞላኸው?»

ቀናው እጆቹን ዘረጋ፤ ሌላ የሚያሳየው ነገር እንደሌለው ሰው።

«ነግሬህ ነበር፣ ሀብቴ።»

«ነግረኸኛል። የምታጽናናኝ መስሎኝ ነበር።» ሀብተሚካኤል ጭቃውን በሱሪው አልጠረገም። እጁን ከሰውነቱ አርቆ ይዞታል። «በልጆቼ ፊት ተሸከምኩት። አንተም እዚያው ነበርክ።»

«ልናገር ስል አንተ—»

«አውቃለሁ። አይቼሃለሁ።» ወደ አብርሽ ዞረ። «ቤት መልሰኝ።»

ቀናው ከመስቀል በፊት አቶ አሻግሬን ለመነ። ድንጋዩን እሱ ይሸከም፤ ጋዲሴ በር ድረስ ይሂድ፤ የሀብተሚካኤል ልጆችም ባሉበት ይሁን። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ተነጋገሩ። አንዳቸውም አልተቆጡትም። አቶ አሻግሬ ሰዓታቸውን ሳያዩ መለሱለት።

«እኔም ያን ጠዋት ላምንህ ይገባ ነበር፤ አላመንኩህም። ግን ለአንድ ደም ሁለት ድንጋይ የለም፣ ቀናው። ዕርቁ ተዘግቷል፤ አሜን ብለንበታል። ደግመን ብንሄድ ያቺን ሴት ነው የምናቆስላት። ያለፈውን ዕርቅ ውሸት ነበር ልንላት ነው?»

«ውሸት እኮ ነበር።»

«የልጅቷ እናት በውሸት አይደለም ያለቀሰችው።»

ሐዲዱን ራሱ ነቀለው። ማንም አላዘዘውም፤ ማንም አልከለከለውም። ብሎኖቹን እየፈታ፣ የባሕር ዛፍ ቁራጮቹን እየነቀለ፣ አዳራሹን ዞሮ ጨረሰ። ኩርባውን መጨረሻ ላይ አደረገው። ቡቺ መጋዘን ውስጥ ቀረ፤ ዕድሩ ወንበርና ድስት ደረደረበት።

ሀብተሚካኤል አላኮረፈም፤ አኩርፎ ቢሆን ለቀናው ይቀለው ነበር። መንገድ ላይ ሲገናኙ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ይሰጣል፣ ያልፋል። ለቅሶ ቤት አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፣ መካከላቸው ሌላ ሰው አለ። ሰፈሩ ሁሉን ያውቃል። ‹የድንጋዩ ልጅ› የሚለው ስም ግን ከሀብተሚካኤል የልጅ ልጅ ላይ አልወረደም፤ የልጆች ስም በስብሰባ አይነሳም። ጋዲሴ ኪዮስኳ ላይ አለች። ቀናው በዚያ በኩል ማለፍ ሲኖርበት ያልፋል፤ ትሰማው እንደሆነ ሳያውቅ «እንዴት ዋላችሁ» ይላል። አንዳንድ ቀን ፌኔት ትመልሳለች።

ኅዳር ውስጥ የሰፈሩ ሰው ሞተ። ወጣቶቹ ሥራ ላይ ስለነበሩ ድንኳን የሚተክል ጠፋ፤ ዕድሜያቸው ካለፈ አባላት መካከል የደረሱት ሁለቱ ነበሩ። የድንኳኑን ረጅም ብረት ቀናው በአንድ ጫፍ ያዘ፣ ሀብተሚካኤል በሌላው። መንገዱ ጠባብ ነው፣ በግቢው በር መታጠፍ አለበት። ቀናው ከፊት ነበር፤ ወደ መሬት እያየ ይሄዳል።

«ወደ ግራህ» አለ ሀብተሚካኤል።

ቀናው ወደ ግራው አለ።

«ዝቅ።»

ዝቅ አደረገው። ብረቱ በሩን ሳይነካ አለፈ። መሬት ላይ አስቀመጡትና ሁለተኛውን ሊያመጡ ተመለሱ፤ ቀናው በመንገዱ በአንዱ በኩል፣ ሀብተሚካኤል በሌላው።